ለሃሎዊን ማታ ፊልም አመራረጥ፦ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው፣ ቀጥሎ የሚያስቀው

ዓምና በሃሎዊን ማታ ሳሎናችን ውስጥ ስምንት ሰው ነበር። መብራቱ ጠፍቷል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል፣ ሪሞቱ እኔ እጅ ነው። ከዚያ አርባ ደቂቃ ሙሉ ፖስተር ስናገላብጥ ቆየን። አንዱ «ይሄ ደም ይበዛዋል» ይላል፣ አንዷ «ይሄን አይቼዋለሁ» ትላለች፣ የአጎቴ ልጅ ደግሞ ስልኩ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። በመጨረሻ ሁላችንም ሲታክተን ፖስተሩ ያማረውን አንዱን ከፈትን። ፈንዲሻው አልቆ ነበር። ፊልሙ አላስፈራም፣ አላሳቀም። ሁለት ሰው ሶፋው ላይ አንኮራፋ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሰው ጠርቶ፣ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ወጥ እንደ መጣድ ማለት ነው።

የምኖረው አሜሪካ ነው። እዚህ ኦክቶበር 31 ሲደርስ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ከረሜላ ይለቅማሉ፣ ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ ትልልቆቹ አስፈሪ ፊልም ከፍተው ይቀመጣሉ። ቀኑ በኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፣ ማርያም ናት። አክስቴ በየዓመቱ «በማርያም ቀን ሰይጣን ልታዩ ነው?» ትላለች። ትልና ኩሽናው በር ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ታያለች።

አሁን ሁለት ፊልም ቀድሜ እመርጣለሁ። አንዱ የምር የሚያስፈራ። ሌላው እዚህ ሰዎች «ካምፒ» የሚሉት፣ ማለትም ከመጋነኑ የተነሳ የሚያስቅ። የሚያስፈራው ይቀድማል። ሰው አንዴ መሳቅ ከጀመረ መልሳችሁ ልታስፈሩት አትችሉም፣ በሩ ሲንሲያጠጥ ራሱ ያስቀዋል። ደግሞ እንግዶቻችሁ በሌሊት መኪና ነድተው ጨለማ ቤት ነው የሚገቡት። ስቀው ቢሄዱ ይሻላል።

ሶፋው ላይ ማን አለ?

ፊልሙን ከመምረጣችሁ በፊት ሰዎቹን አስቡ። ሰው የሚፈራው እንደ አስተዳደጉ ነው።

አንድ ዓመት የ1978ቱን «ሃሎዊን» ከፈትኩ። ነጭ ጭንብል ያጠለቀ ሰውዬ ቢላ ይዞ ወጣት ልጆችን ያሳድዳል፣ ግን አይሮጥም፣ በዝግታ ነው የሚራመደው። እኔ ትራስ አቅፌ ተቀምጫለሁ። አክስቴ ከኩሽናው በር ላይ ሆና «ምነው እሷ አትሮጥም? እሱ እኮ ሽርሽር የወጣ ነው የሚመስለው!» አለች። ምንም አልመሰላትም። በሚቀጥለው ዓመት የ1973ቱን «ዘ ኤክሶርሲስት» አስገባን፣ ሰይጣን የያዛት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ልጅቷ በሌላ ሰው ድምፅ መናገር ስትጀምር አክስቴ አማተበች፣ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ አስቀመጠች፣ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። እስከ ጠዋት አላየናትም።

ነገሩ ግልጽ ነው። ያ ፊልም ለአሥር ኦስካር ታጭቶ ሁለት የወሰደ ትልቅ ሥራ ነው፣ ለብዙ አሜሪካዊ ተመልካችም በጣም የሚያስፈራ ፊልም ነው። ጸበል ቦታ ሰው ሲጮኽ፣ በማያውቀው ድምፅ ሲለፈልፍ እያየ ላደገ ሰው ግን ፊልም አይደለም። ስለዚህ ቤት ውስጥ እናት፣ አክስት ወይም አያት ካሉ ሰይጣን የሚያስወጣ ቄስ ያለበትን ፊልም ለሌላ ቀን አቆዩት። ጭንብል የለበሰ ነፍሰ ገዳይ አምጡላቸው፣ ይስቁበታል።

ሌላም አለ። በ2020 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው «ሂዝ ሃውስ» ከደቡብ ሱዳን ሸሽተው እንግሊዝ አገር የደረሱ ባልና ሚስት ታሪክ ነው። ባሕር ላይ ልጅ አጥተዋል። መንግሥት የሰጣቸው ቤት ግድግዳው የተቀዳደደ፣ ወረቀቱ የተላጠ ነው፣ ግድግዳው ውስጥ ደግሞ የሆነ ነገር አለ። ቤቱን ለቀው መሄድ አይችሉም፣ ከወጡ የጥገኝነት ጉዳያቸው ይበላሻል። በኔ ግምት በዚህ አሥር ዓመት ከተሠሩት አስፈሪ ፊልሞች ከምርጦቹ አንዱ ነው። ግን ለፓርቲ አይሆንም። በሊቢያ በኩል ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ከመሀላችሁ ካለ ደግሞ ሳትነግሩት አትክፈቱት። እኔ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ለብቻችን ነው ያየነው። ሲያልቅ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን።

የሚያስፈራውን መምረጥ

መጀመሪያ ርዝመቱን እዩ። ከመቶ ደቂቃ ካለፈ እኔ ለግብዣ አልመርጠውም። ፍርሃት ሁለት ሰዓት ተኩል አይቆይም፣ መሀል ላይ ሰው ስልኩን ያወጣል። «ሃሎዊን» 91 ደቂቃ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ብላችሁ የጠራችሁት ሀበሻ ሦስት ተኩል እንደሚመጣም አትርሱ።

ሁለተኛ፣ ደም ከፍርሃት ጋር አይምታታባችሁ። የ1978ቱን ፊልም ያላየ ሰው በደም የተሞላ ይመስለዋል፣ ግን ደም የሚባል ነገር እምብዛም የለውም። ሥራውን የሚሠራው ሙዚቃው ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተር ራሱ ነው የደረሰው። ምቱ በአምስት የሚቆጠር ስለሆነ አብራችሁ ለማጨብጨብ ብትሞክሩ አይገጥምላችሁም፣ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ የቀደማችሁ ይመስላል። ካላመናችሁኝ ድምፁን አጥፍታችሁ ሁለት ደቂቃ እዩት። ጭንብል ያደረገ ሰው ግቢ ውስጥ ቆሞ ታያላችሁ፣ በቃ። ስለዚህ በላፕቶፕ ስፒከር አስፈሪ ፊልም አታሳዩ፣ ከሰው ተውሳችሁም ቢሆን ደህና ስፒከር አምጡ።

ይኼ ፊልም የተሠራው በሦስት መቶ ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ጭንብሉ ከሱቅ የተገዛ ርካሽ የ«ስታር ትሬክ»፣ የጠፈር ፊልሙ፣ ካፒቴን ፊት ነበር፣ ነጭ ቀለም ቀቡት፣ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፉት። ታሪኩ ኢሊኖይ ውስጥ በኦክቶበር ነው የሚሆነው፣ የተቀረጸው ግን ካሊፎርኒያ በጸደይ ነው። የረገፈውን ቅጠል ቀለም ቀብተው ይበትኑታል፣ ትዕይንቱ ሲያልቅ ለቅመው ለሚቀጥለው ያስቀምጡታል። አንዳንድ ቦታ ከኋላ ዘንባባ ይታያል። ለፈሪ እንግዳ «ዘንባባ ፈልግ» ብላችሁ ሥራ ስጡት፣ ይረጋጋል።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ፦ ዓመቱን አረጋግጡ! «ሃሎዊን» የሚባሉ ሦስት ፊልሞች አሉ፣ የ1978፣ የ2007 እና የ2018። ስማቸው አንድ ነው። የ2007ቱ እጅግ ጨካኝ ነው፣ የ2018ቱ የመጀመሪያውን ታሪክ የሚቀጥል ነው። የአጎቴ ልጅ አንዴ እኔ ቡና ሳፈላ የመሀለኛውን ከፍቶ ጠበቀኝ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሰው ካፖርቱን አንስቷል። «ኢቪል ዴድ» ላይም እንደዚሁ ነው። የሚያስቀው የ1987ቱ ሁለተኛው ክፍል ነው፣ የ2013ቱ ቀልድ አያውቅም።

በነፃ የምትፈልጉ ከሆነ የ1968ቱን የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ኢንተርኔት ላይ ያለ ምንም ስርቆት ታገኙታላችሁ። አከፋፋዮቹ ርዕሱን ሲቀይሩ የቅጂ መብት ምልክቱን መጻፍ ረሱ፣ በዚያን ጊዜው ሕግ ፊልሙ የሕዝብ ሆነ። አሁን የምናውቀው ሰው የሚበላ ዞምቢ የመጣው ከዚያ ነው። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጥቁር ነው፣ ያውም በ1968። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ቀርፋፋ አጀማመር አለው፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ታገሡት።

በቅርብ የመጣና እንግሊዝኛው ገና የሆነ እንግዳ ካላችሁ ወሬ የማይበዛበት ምረጡ። የ2018ቱ «ኤ ኳየት ፕሌስ» ለዚህ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ጭራቆቹ ድምፅ ተከትለው ነው የሚያድኑት፣ ቤተሰቡ በምልክት ቋንቋ ነው የሚግባባው፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው እኩል ይገባዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ቆሎ አታቅርቡ። እኔ አቅርቤ አይቻለሁ። ፊልሙ ውስጥ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ባለበት ሰዓት አንድ ሰው ገብስ ሲቆረጥም ሳሎኑ በሙሉ ወደሱ ዞረ። ለስላሳ ኬክ ይሻላል።

«ጌት አውት»ን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፣ የ2017 ነው፣ ለጽሑፉ ኦስካር ወስዷል። አንድ ጥቁር ልጅ የነጭ ፍቅረኛውን ቤተሰብ ሊተዋወቅ ይሄዳል። ሁሉም ፈገግ ይላል፣ ሁሉም ደግ ነው፣ የሆነ ነገር ግን ትክክል አይደለም። በሥራ ቦታ ድግስ ላይ ብቸኛዋ ጥቁር ሆና ያመሸች ሀበሻ መጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ከማንም በላይ ትረዳቸዋለች። ያላየው ሰው ካለ እሱን አምጡና ፊቱን እዩ።

የጽሑፍ ትርጉም የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ጽሑፍ «አስፈሪ ሙዚቃ»፣ «በር ተከፈተ» እያለ ነገሩ ከመሆኑ በፊት ያሳብቃል። ያኔ ማንም አይበረግግም። የሚነገረውን ብቻ የሚጽፍ ምርጫ ካለ እሱን ውሰዱ።

የሚያስቀውን መምረጥ

እኔ ብዙ ጊዜ የማጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሰው «መጥፎ ፊልም» እና «አስቂኝ መጥፎ ፊልም» አንድ ይመስለዋል። አይደለም። አብዛኛው መጥፎ ፊልም አሰልቺ ነው፣ አሰልቺ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። የዓምናው ፊልማችን እንደዚያ ነበር።

የሚያስቁት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ የሚሠሩትን ያውቃሉ። «ኢቪል ዴድ 2» ላይ ሰውየው የገዛ እጁ ሰይጣን ይዞት በሳህን ይፈነክተዋል፣ ጸጉሩን ይዞ ይጎትተዋል። በመጨረሻ እጁን በሞተር መጋዝ ይቆርጠዋል። እጁ ግን አልሞተም፣ ወለሉ ላይ ይሮጣል። ሰውየው ባልዲ ይደፋበታል፣ ባልዲው እንዳይገለበጥ መጽሐፍ ይጭንበታል። ከላይ ያለው መጽሐፍ የሄሚንግዌይ ልብ ወለድ ነው፣ ርዕሱ «ስንብት ለጦር መሣሪያ» እንደ ማለት። በእንግሊዝኛ ግን መሣሪያና ክንድ አንድ ቃል ስለሆኑ «ክንዴ ሆይ ደህና ሁን» ተብሎም ይነበባል። ሁለት ሰከንድ ነው የሚታየው፣ አቁማችሁ አሳዩ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአጋዘን ጭንቅላት ዞሮ መሳቅ ይጀምራል፣ መብራቱም ይስቃል፣ ሰውየውም አብሮ ይስቃል፣ እናንተም። ደሙ ብዙ ነው፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ስለሆነ ግን ደም አይመስልም።

«ኪለር ክላውንስ ፍሮም አውተር ስፔስ» የ1988 ነው። ከጠፈር የመጡ ክላውኖች በሰርከስ ድንኳን መንኮራኩር ያርፋሉ። ፈንዲሻ በሚተኩስ ጠመንጃ ይዋጋሉ፣ የያዙትን ሰው በስኳር ጥጥ ይጠቀልላሉ፣ ከፊኛ የተሠራ ውሻ ይዘው ያነፈንፋሉ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የጃፓኑ «ሃውስ» ደግሞ የ1977 ነው፣ እዚህም ዓመቱን እዩ፣ የአሜሪካ የ1985 ሌላ «ሃውስ» አለ። ዳይሬክተሩ ኖቡሂኮ ኦባያሺ ሐሳቡን ከትንሽ ልጁ ነው የሰበሰበው፣ በእርግጥም የልጅ ቅዠት ይመስላል። ፒያኖ ሴት ልጅ ይበላል። ሰባት ልጆች ለክረምት ዕረፍት የአንዷ አክስት ቤት ይሄዳሉ፣ አክስቷ ግን ከሞተች ቆይታለች፣ እንግዶቿንም ትበላቸዋለች። የኔ አክስት ባለችበት ይህን ፊልም አልከፍትም።

ሁለተኞቹ ደግሞ አስቂኝ መሆናቸውን አያውቁም። የምር ነው የሠሩት፣ አልተሳካላቸውም። በ1950ዎቹ ኤድ ዉድ የሠራው «ፕላን 9 ፍሮም አውተር ስፔስ» የታወቀው ምሳሌ ነው። ቤላ ሉጎሲ፣ ያ ታላቁ ድራኩላ፣ ጥቂት ትዕይንት ተቀርጾ በ1956 ሞተ። ዳይሬክተሩ ተስፋ አልቆረጠም። የሚስቱን የአጥንት ሐኪም አመጣና ካባ አልብሶ ፊቱን በክንዱ እንዲሸፍን አደረገው። ሰውየው ሉጎሲን በምንም አይመስልም፣ ቁመቱም ሌላ ነው። ፊልሙን በሙሉ ካባውን አፍንጫው ላይ ይዞ ይዞራል።

የኔ ምርጫ ግን «ትሮል 2» ነው፣ 1990። ርዕሱ ትሮል ይላል፣ ፊልሙ ውስጥ አንድም ትሮል የለም፣ ጭራቆቹ ጎብሊን ነው የሚባሉት። ከ«ትሮል» አንድ ጋርም አይገናኝም፣ ስሙ የተሰጠው ለገበያ ነው። ጣሊያናዊ ዳይሬክተር፣ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችሉ ባለሙያዎች፣ ልምድ የሌላቸው የዩታ ሰዎች። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ታሪኩ ነው። እነዚህ ጭራቆች ሥጋ አይበሉም! ስለዚህ ሰውን ለመብላት መጀመሪያ ወደ አትክልት ይቀይሩታል። ጾመኛ ጭራቆች ናቸው። ትንሹ ልጅ ቤተሰቡን የሚያድነው ሞርታዴላ የሚመስል ሥጋ የታጨቀበት ትልቅ ሳንድዊች ፊታቸው ላይ በመግመጥ ነው። ይህን ሀበሻ ፊት ማሳየት የተለየ ደስታ አለው፣ ከኛ በላይ የሚገባው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሆን ተብለው መጥፎ የሆኑትን፣ ሻርክ በአውሎ ነፋስ የሚበርባቸውን የመሳሰሉትን፣ እኔ አልወድም። ተዋናዩ ራሱ እየጠቀሰኝ «አስቂኝ ነኝ አይደል?» የሚለኝ ይመስለኛል። በሃያ ደቂቃ ይሰለቻል። የናንተ ስሜት ሌላ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጠቃሚ ነገር፦ ቱቢ የሚባለው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ ላይ እንዲህ ዓይነት ፊልም በነፃ ሞልቷል፣ ግን ማስታወቂያ አለው። ለሚያስቀው ፊልም ችግር የለውም፣ ሰው ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ሻይ ይቀዳል። ለሚያስፈራው ግን ገዳዩ ደረጃ እየወጣ ባለበት የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ ከመጣ አለቀ። እሱን ከፍላችሁ ተከራዩ፣ ወይ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዲቪዲ ውሰዱ። የቤተ መጻሕፍት ካርድ ካላችሁ ደግሞ ብዙ ከተሞች ካኖፒ የሚባለውን የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ በነፃ ይሰጣሉ።

ልጆች ካሉ

የድሮ ፊልም ላይ «ፒጂ»፣ ማለትም ልጆች በወላጅ ምክር ይዩት የሚል ደረጃ፣ አይታችሁ አትሸወዱ። ፒጂ-13 የሚባለው፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጆችን አጥብቆ የሚያስጠነቅቀው ደረጃ የመጣው በ1984 ነው፣ ያውም «ግሬምሊንስ»ን የመሳሰሉ ፊልሞች ወላጆችን ካስቆጡ በኋላ። ከዚያ በፊት ያለው ፒጂ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም። የ1982ቱ «ፖልተርጋይስት» ፒጂ ነው፣ ግን አንድ ሰውዬ መስታወት ፊት ቆሞ የገዛ ፊቱን ይልጣል። አልጋ ሥር የሚጎትት አሻንጉሊት ክላውንም አለ። የስምንት ዓመት ልጅ ካየው ለአንድ ወር ከናንተ ጋር ነው የሚተኛው።

ለትንንሾቹ የ1993ቱ «ሆከስ ፖከስ» ይበቃል፣ ሦስት ጠንቋይ እህትማማቾች ናቸው፣ ይዘፍናሉ፣ ይጣላሉ። «ኮራላይን» ተራ ካርቱን መስሏችሁ እንዳትከፍቱት፣ በዓይኗ ቦታ የልብስ ቁልፍ የተሰፋባት እናት አለችበት። ለአሥር ዓመት ልጅ ግሩም ነው፣ ለአምስት ዓመት ልጅ አይደለም። ከተጠራጠራችሁ «ደዝ ዘ ዶግ ዳይ» የሚባል ድረ ገጽ አለ። ውሻው ይሞታል ወይ፣ ልጅ ይጎዳል ወይ፣ መርፌ ይታያል ወይ፣ ሁሉንም ተመልካቾች ይመልሱበታል። እኔ ለልጆች ብዬ ጀምሬው አሁን ለራሴም አየዋለሁ።

ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። የመረጣችሁትን ቀድማችሁ ለብቻችሁ አሥር ደቂቃ እዩት። ማስተዋወቂያውን ለእንግዶች አታሳዩ፣ የዛሬ ዘመን ማስተዋወቂያ ፊልሙን በሙሉ ነው የሚነግረው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ፈንዲሻውን በዘይት ሥሩ።

ለዘንድሮ የ1978ቱን «ሃሎዊን»ና «ትሮል 2»ን ይዣለሁ። አክስቴ ስለ ጾመኞቹ ጭራቆች ስነግራት ሽንኩርቷን መክተፍ አቁማ አየችኝ።

«ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ?»